የግሪክ ዕረፍታችን ገና ሳንነሣ አጣላን

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ፍራንክፈርት ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። ሴቷ 16፣ ወንዱ 13 ዓመታቸው ነው። ዕረፍት ባገኘን ቁጥር ገንዘባችን የሚያልቀው አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ ስለሆነ፣ አራታችን ብቻችንን ሆነን አንድም ጊዜ ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። ልጅቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቷን ጨርሳ ከቤት መውጣቷ ስለማይቀር፣ በመጪው ጁላይ መጨረሻ ለ10 ቀን ግሪክ እንድንሄድ ብዬ 4,500 ዩሮ አጠራቅሜአለሁ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን የፍጥሞ ደሴት መሳለም ከልጅነቴ ጀምሮ እመኛለሁ። ሴት ልጄ ግን ሳንቶሪኒ ካልሆነ ብቀር ይሻለኛል ትላለች፤ ነጫጭ ቤቶቹንና ሰማያዊውን ጉልላት ስልኳ ላይ እያሳየችኝ ጓደኞቿ ሁሉ እንደሄዱ ትነግረኛለች። ልጁ የጠየቀኝ ኢንተርኔት መኖሩን ብቻ ነው። በሰፈራችን የአትሌቲክስ ክለብ 800 ሜትር ይሮጣል፤ ከሩጫ ሌላ ከስልኩ የሚነጥለው ነገር የለም።

ይበልጥ የከበደኝ የባለቤቴ ነገር ነው። ገና ሐሳቡን ሳነሣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሥራ አለኝ» አለ። ጀርመን ከመምጣቱ በፊት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሦስት ዓመት ያህል አቴንስ በስደት እንደኖረ የማውቀው ከወንድሙ ነው። እሱ ራሱ አንሥቶት አያውቅም። ባለፈው ዓመት የልጄን ልደት ለማክበር ሰፈራችን ካለ የግሪክ ምግብ ቤት ገብተን ሳለ፣ አዛውንቱ የቤቱ ጌታ ሰላም ሲሉን በግሪክኛ መለሰላቸው። ሰውዬው ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲያወሩ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩት ነበር። ሲነሡ ልጄ «አባዬ፣ መቼ ተማርከው?» ብትለው፣ «ድሮ ነው» ብሎ ዳቦውን መቁረስ ጀመረ።

ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እያመሸሁ ዝርዝር አወጣሁ፦ አቴንስ ሁለት ቀን፣ ሳንቶሪኒ ሦስት፣ ፍጥሞ ሁለት፣ ቀርጤስ ሦስት። ባለፈው እሑድ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ልጅቷ አየችውና «ይሄ የአንቺ ጉዞ ነው፤ የእኛ አይደለም» አለችኝ። ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ በረንዳ ወጣ። እኔም ማልቀሴ አልቀረም። ጉዞውን ልሰርዘው? ወይስ ልጆቹን ይዤ ብቻዬን ልሂድ? ደግሞም ባለቤቴ እስካሁን የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ስላልቀየረ፣ ቢስማማ እንኳ ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ አላውቅም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከፍራንክፈርት


ውድ እኅቴ፣

ጉዞውን አይሰርዙት። ነገር ግን ከባለቤትዎ ጋር ለብቻችሁ ሳትነጋገሩ አንድም ትኬት አይግዙ።

በመጀመሪያ ልጅዎ የተናገረችውን ላንሣ። ወር ሙሉ የመርከብ ሰዓት ስታጠና ያመሸች እናት «የአንቺ ጉዞ ነው» ስትባል ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም። ቃሏን ደግሜ ሳነበው ግን ልጅቷ አልሄድም እንዳላለች አስተዋልኩ። «የእኛ አይደለም» ያለች ልጅ የእኛ ቢሆን ደስ የሚላት ልጅ ናት። ዝርዝሩን ከማውጣትዎ በፊት አራታችሁ ተቀምጣችሁ ማን ምን እንደሚወድ ተጨዋውታችሁ ነበር? ወይስ እንደ ወትሮው ማንንም ላለማስከፋት ብለው የሁሉንም ምኞት በአንድ ወረቀት ላይ አጨቁት? ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ቀርጤስን ማን እንደጠየቀ ደብዳቤዎ አይናገርም፤ ምናልባት ማንም አልጠየቀም፤ ምንም እንዳይጎድልብን ብለው እርስዎ የጨመሯት ትመስላለች። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚወጣው ከፍቅር ነው፤ ለሌላው ሰው ግን እጁን የሚያስገባበት ቦታ አይተውለትም።

ስለ ባለቤትዎ የምናገረው በጥንቃቄ ነው፤ ልባቸውን አላውቅምና። የማውቀው፣ በዚያ ዘመን ከአገር የወጡ ብዙ ወገኖቻችን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚያሻግራቸውን ወረቀት እየጠበቁ አቴንስ ላይ ወራትና ዓመታት ማሳለፋቸውን ነው። የሰው ቤት እያጸዱ፣ በምግብ ቤት ጓዳ ሳህን እያጠቡ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ እንዳያገኛቸው መንገድ እየቀየሩ የኖሩ አሉ። እዚያው ከተማ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ያፈሩም አሉ። ለእርስዎ ግሪክ ማለት ፍጥሞ ናት፣ ለልጅዎ ሳንቶሪኒ ናት፤ ለእርሳቸው ምን እንደሆነች ገና የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ያቆመኝ የምግብ ቤቱ ታሪክ ነው። ያንን ዘመን ጨርሶ ሊቀብረው የቆረጠ ሰው ሰላምታውን በጀርመንኛ መልሶ ማለፍ ይችል ነበር። ባለቤትዎ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተናገሩትን ቋንቋ፣ ያውም ልጆቻቸው ፊት፣ አውጥተው ተናገሩ። ስለዚህ በሩ ፈጽሞ የተዘጋ አይመስለኝም። ሲያነጋግሯቸው ልጆቹ በሌሉበት ይሁን፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ከሚሆን ይልቅ በመኪና ወይም በእግር ጎን ለጎን ስትሄዱ ቢሆን ይቀልላቸዋል። «ለምን አትሄድም?» የሚለው ጥያቄ ሰበብ ከማስፈለግ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም፤ «ሥራ አለኝ»ም እንዲያ ተፈልጎ የተገኘ ይሆናል። በዚያ ፋንታ «አቴንስ ላይ ልታየው የምትፈልገው ቦታ አለ? ፈጽሞ ልታየው የማትፈልገውስ?» ብለው ይጠይቋቸውና መልሱን ይጠብቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት አለው፤ አለመፈለግም እንደሚፈቀድላቸው የሚነግራቸው እሱ ነውና።

አቴንስን አልችልም ካሉ አቴንስን ጨርሶ ሳይረግጡ ግሪክ መሄድ ይቻላል። ያን ጊዜ ማንም ያልጠየቃት ቀርጤስ ትጠቅማችኋለች፤ በዚያ ወቅት ከጀርመን በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አላት፣ 10 ቀን ሙሉ የማታሰለች ሰፊ ደሴት ናት፣ ሯጩ ልጅዎም ከአባቱ ጋር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሳማሪያ ሸለቆ በእግሩ ሊወርደው ይችላል። አቴንስን እሺ ካሉ ደግሞ አስጎብኚ አድርገው አይሹሟቸው፤ ታሪካቸውን እንዲያወሩም ልጆቹን አይላኩባቸው። አንድ ጠዋት ብቻቸውን ወጥተው የድሮ ሰፈራቸውን ዞረው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ያ ጠዋት ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው። ከተመለሱ በኋላ የሚያወሩትን እርሳቸው ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ዝርዝርዎ ልምጣ። አራት ቦታ ለ10 ቀን ይበዛል፤ በካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚመስሉት ደሴቶች በባሕር ላይ ሩቅ ናቸው። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ እስከዚያ በመርከብ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም የሌሊት ጉዞ ነው። ሳንቶሪኒ ደግሞ በሌላ የባሕር መስመር ላይ ነች። በዚያ ላይ በጁላይና በኦገስት ኤጌያን ባሕር ላይ ግሪኮቹ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሣል፤ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦችን ያቆማሉ። እኔም በዚሁ ወቅት ከልጆቼ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ወደብ ላይ ውያለሁ። ጥላ ያለው አንድ ግንብ ብቻ ነበር፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ሻንጣችንን እየጎተትን ከጥላው ጋር አብረን ዞርን፣ የበኩር ልጄም እስከ ማታ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምነግረው፣ ከደሴት ወደ አቴንስ የሚመለሱት አውሮፕላኑ ከሚነሣበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድመው ይሁን የሚለውን ነው።

በእኔ አስተያየት አቴንስ ሁለት ሌሊት፣ ናክሶስ ደሴት ስድስት ሌሊት፣ በመጨረሻ አንድ ሌሊት አቴንስ ብታድሩ ይበቃችኋል። ናክሶስ ከፒሬየስ በመደበኛ መርከብ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ትርቃለች። አጊዮስ ፕሮኮፒዮስና ፕላካ የሚባሉት የባሕር ዳርቻዎቿ አሸዋማ ናቸው፤ በሳንቶሪኒ ገደል አፋፍ ላይ ካለው ክፍልም ኪራይዋ በእጅጉ ይቀንሳል። ወደቡ አጠገብ፣ ከጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ብቻውን የቀረ ግዙፍ የእብነ በረድ በር ቆሟል፤ ፖርታራ ይሉታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ልጆችዎ በዚያ ሰዓት ያለ እናትና ያለ አባት በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ሁለት ሰዓት እንዲዞሩ ቢፈቅዱላቸውና በሩ ሥር ብትቀጣጠሩ፣ ያ ሁለት ሰዓት ለእነርሱ ከሙዚየም ሁሉ ይበልጥባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ይተኙ፤ በቀን አንድ ነገር ካያችሁ ይበቃል። የስልኩንም ነገር ባሕር ዳር ላይ ሆናችሁ ከምትጨቃጨቁበት፣ ለምሳሌ በማዕድ ላይ የአራታችሁም ስልክ እንዲቀመጥ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ገና ቤት ሳላችሁ ተስማሙ።

ሳንቶሪኒስ? ከናክሶስ በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። አራታችሁም መሄድ ግን የለባችሁም። የመርከቡ ዋጋ ለአራት ሰው ብዙ መቶ ዩሮ ይደርሳል፤ አባትና ልጅም ለጉልላቱ ፎቶግራፍ ብለው ቀኑን በፀሐይ ባይዋሉ አይቆጫቸውም። እርስዎና ልጅዎ ብቻ ሂዱ። የመርከቡን ሰዓት፣ ከወደቡ ወደ ፊራ ከተማ፣ ከፊራም ወደ ኦያ የሚወስደውን አውቶቡስ፣ የምሳውን ቦታ ሁሉ እርሷ ታጥና፤ የተወሰነ ገንዘብ ቆርጠው ይስጧትና ከዚያ በላይ እንደሌለ ይንገሯት። በዚያ ቀን እርስዎ የሚመሩ ሳይሆን የሚከተሉ ይሁኑ። አውቶቡሱ ቢያመልጣችሁ እንኳ አያርሟት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቤት የምትወጣ ልጅ አንድ ቀን ሙሉ ከእናቷ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት አጋጣሚ ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ይመጣል?

ለልጁ አቴንስ ውስጥ የተዘጋጀ የሚመስል ቦታ አለ። በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የተካሄደበት፣ መቀመጫው በሙሉ በነጭ እብነ በረድ የተሠራው የፓናቴናይኮ ስታዲየም ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ከፍለው ከገቡ በኋላ በመሮጫው ላይ መሮጥ ይፈቀዳል። ጫማውን ይያዝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ድል ባደረገ በዓመቱ፣ በ1961፣ የአቴንስን ማራቶን እንዳሸነፈ አባቱ ይንገሩት። ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቃቸውን ያገኙት በዚያው ከተማ በ2004 ነው፤ እርሱ ግን ያኔ አልተወለደም።

አክሮፖሊስን የምታዩ ከሆነ በሩ የሚከፈትበትን የጠዋቱን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓትን (በአውሮፓውያን 8፡00)፣ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፤ ትኬቱ የሚሸጠው በሰዓት ተከፋፍሎ ነውና። ሙቀቱ ሲበረታ ቦታውን በቀትር የሚዘጉበት ቀን አለ። የአዋቂ ዋጋ 30 ዩሮ ነው፤ ልጆችዎ የጀርመን ፓስፖርት ካላቸው ግን ዕድሜአቸው ከ25 በታች የሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በነጻ ስለሚገቡ መታወቂያቸውን ይያዙ። ከዚያ ስትወርዱ በስተግራና በቀኝ አትፈልጉ፤ እግሩ ሥር ያለው አለት አርዮስፋጎስ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ «ለማይታወቅ አምላክ» ብሎ የሰበከበት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የምናነበው። መግቢያ የለውም። ድንጋዩ በሰው እግር ተወልውሎ ስለሚያንሸራትት የብረቱን ደረጃ ይጠቀሙ።

ፍጥሞን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። ይህን ስጽፍ ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ የጉዞው መነሻ የእርስዎ ምኞት ነበርና። ነገር ግን ስንት ዓመት የተመኙትን ቦታ፣ ልጆች ባሕር ሲናፍቁ፣ ባል ሰዓት ሲያይ፣ በአንድ ቀን ተኩል መሳለም ይፈልጋሉ? ወይስ ቀስ ብለው? የግሪኮች ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በፍጥሞ በጸሎተ ኀሙስ መነኮሳቱ በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ፣ የእግር አጠባውን ሥርዓት ይፈጽማሉ፤ እኛ ሕፅበተ እግር የምንለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከወደቡ ወደ ላይኛው ከተማ በሚወስደው መንገድ መካከል ላይ ነው፤ በላዩም በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ። በ2028 የምዕራቡም የምሥራቁም ፋሲካ ኤፕሪል 16 ቀን ስለሚውል፣ የትምህርት ቤቱ የፋሲካ ዕረፍትና የእኛ ሰሙነ ሕማማት ይገናኛሉ። የዚህን ጉዞ ቁጠባ አሁኑኑ ለብቻው ቢጀምሩለት፣ የእርስዎ ፍጥሞ እንዳልተሰረዘ ልብዎ ያምናል።

በጁላይ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነም አይቸገሩም። ግሪኮቹ ለጾም ምግብ ኒስቲሲሞ የሚል ቃል አላቸው፤ በምግብ ቤት ቢጠይቁ ይገባቸዋል። ፋቫ የሚሉትን ይዘዙ፤ ቢጫ ክክ ተቀቅሎ ይፈጭና ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል፤ የክክ አልጫችን የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለ ፓስፖርቱ የጠየቁኝ መልሱ ቀላል ነው። ባለቤትዎ ጸንቶ የሚሠራ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው፣ ከፓስፖርታቸው ጋር ይዘው ያለ ቪዛ ወደ ግሪክ መሄድና በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። የሁለቱንም ሰነድ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ፓስፖርት በቆንስላ ማሳደስ ጊዜ ይወስዳል። ዋናውን ሰነድ ዘወትር በኪሳቸው ይያዙ፤ ቅጂው አይበቃም። የድሮውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው መንገድ ላይ መታወቂያ ቢጠየቅ፣ ወዲያው አውጥቶ ማሳየት መቻሉ ራሱ ያረጋጋዋል። በግልጽ ተነጋግራችሁ፣ ሳይኮራረፉ፣ ልቅር ብለው ከመረጡ ደግሞ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ፤ ከእርሳቸው የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ከልጆቹ ፓስፖርት ጋር ቢይዙ ይጠቅምዎታል።

በዚህ ሳምንት ከባለቤትዎ ጋር በእግር ውጡ። በሚቀጥለው እሑድ ጠረጴዛው ላይ ዝርዝሩን አያስቀምጡ፤ ያለውን ገንዘብ፣ የቀኑን ብዛትና ያገኙትን የመርከብ ሰዓት ብቻ ይንገሯቸውና አንድ ባዶ ወረቀት ለልጅዎ ይስጧት። እርሷ ስትጽፍ እርስዎ ቡናውን ያፍሉ።